የጥልፍ መኪናው በማን ስም ነው?

ማኅበራችን በየዓመቱ የአባላትን የሥራ ዕቃ ይመዘግባል። መዝገቡ አጭር ነው፦ የዕቃው ዓይነት፣ የተገዛበት ዘመን፣ ዋጋው፣ በመጨረሻም «በማን ስም» የሚል ዐምድ አለው። በቢቸናና በሞጣ በየቤታቸው በመኪና የሚጠልፉትን አባላት ስንመዘግብ ሦስቱ ዐምዶች ቶሎ ይሞላሉ። አራተኛው ላይ ስንደርስ ጨዋታው ይቀዘቅዛል። አንዷ «የቤቱ ነው» ትላለች። ሌላዋ «ደረሰኙ በሱ ስም ነው፤ የምሠራበት ግን እኔ ነኝ» ትላለች። አንዲት ዕድሜያቸው የገፋ የሞጣ አባላችን ደግሞ «ልጆቼ፣ ሲንጀር ስም አለው እንዴ? ሲንጀር ራሱ ስም ነው» ብለው አስቀውናል።

እኛ የሒሳብ ሰዎች ባዶ ዐምድ አንወድም። ለዚህ ነው ነገሩን ከሥሩ ለማየት የተነሣነው።

ሥራቸውን በቅርብ ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ እንንገር። ለሙሽሮች የአልጋ ልብስና የትራስ ጨርቅ ላይ የሁለቱን ስም ይጠልፋሉ። ለመሶብ፣ ለጠረጴዛና ለቴሌቪዥን ልብስ አበባና ወፍ ያወጣሉ። ለጥምቀት የሚለበሰውን ቀሚስ ደረቱንና እጅጌውን ይሞላሉ። ለተመራቂ ልጅ ስሙንና ዓመተ ምሕረቱን በሻርፕ ላይ ያሰፍራሉ። ከሁሉ በላይ የሚፈለገው ስም ነው፤ የሌላ ሰው ስም።

በጎጃም፣ እንደ አብዛኛው የአገራችን ደጋ ሁሉ፣ የልብስ ሥራ በሴትና በወንድ የተከፈለ ነበር። ጥጡን መዳመጥ፣ ማባዘትና መፍተል የሴት፣ መሸመን የወንድ። ሴቲቱ ወራት ሙሉ በእንዝርት የፈተለችውን ፈትል ለሸማኔ ትሰጣለች፤ ሸማኔው ሠርቶ ሲመልስ የእጁን ዋጋ ይቀበላል። እዚህ ላይ እንደ ሒሳብ ሠራተኛ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። በዚህ ልውውጥ የሸማኔው ሥራ ዋጋ አለው፤ ረጅሙን ጊዜ የወሰደው የመፍተል ሥራ ግን በማንም ሒሳብ ውስጥ አይገባም። ጋቢው «በይህን ያህል ተሠራ» ሲባል የሚቆጠረው ለሸማኔው የተከፈለው ብቻ ነው።

መጥለፍም የቆየ ሙያ ነው። ለንደን ውስጥ በሚገኘው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የዐፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ቀሚስ ይገኛል። ሙዚየሙ «ጥሩነሽ» ብሎ መዝግቧቸዋል። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ በእንግሊዝ ጦር እጅ ስትወድቅ ከተወሰደው ንብረት መካከል ነው። ጥጥ ልብስ ሆኖ አንገቱና ደረቱ እንዲሁም እጅጌው በቀለማት ሐር የተጠለፈ ነው። እቴጌይቱ ከጦሩ ጋር ወደ ሰሜን ሲጓዙ በዚያው ዓመት በመንገድ ላይ ዐረፉ። የቀሚሱ ባለቤት ስማቸው አለ፣ ልብሱ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደሄደም ተጽፏል። የጠላፊው ስም የለም።

ወደ መኪናው እንምጣ። ቲሞኒዬ የሚባል ፈረንሳዊ ልብስ ሰፊ እ.ኤ.አ. በ1830 ለሠራው የስፌት መኪና የባለቤትነት መብት አወጣ። ሐሳቡን ያገኘው ከጥልፍ ነው። መኪናው የሚሠራው ባለ ቆልማማ መርፌ የጥልፍ ሠራተኞች የሚሠሩትን የሰንሰለት ስፌት ነበር። ስለዚህ የስፌት መኪና ታሪክ ከጥልፍ ይጀምራል ብንል አላጋነንም። በማግሥቱ ዓመት የፓሪስ ልብስ ሰፊዎች እንጀራችንን ሊነጥቀን ነው ብለው ወርክሾፑን ገብተው መኪኖቹን ሰባበሩ። ከዚያ አሜሪካዊው አይዛክ ሲንገር መጣ፤ የእናታችን ሲንጀር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1851 የመብት ወረቀት አወጣ። በ1856 ደግሞ ሸሪኩ ኤድዋርድ ክላርክ መኪናውን በየወሩ በሚከፈል ዱቤ መሸጥ ጀመረ። የዱቤው ውል ቀላል ነበር፤ የመጨረሻው ክፍያ እስኪከፈል መኪናው የኩባንያው ነው። የቤት እመቤቶችን ወደ መኪናው ያመጣው ይህ ዱቤ ነው።

ለደጋፊዎቻችን ከሁሉ ይበልጥ ሊነበብ ይገባዋል የምንለው ግን የስዊዘርላንድ ታሪክ ነው። በምሥራቅ ስዊዘርላንድ፣ በሳንክት ጋለን ከተማ ዙሪያ፣ ከ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በኋላ የጥልፍ መኪና ወደ ገበሬዎች ቤት ገባ። ቤት ውስጥ ባሉት መኪኖች ላይ ወንዱ ተቀምጦ ንድፉን እየተከተለ መኪናውን ይነዳል፣ ሚስትና ልጆች ከጎኑ ሆነው በመቶ ለሚቆጠሩ መርፌዎች ክር ያስገባሉ። የሚከፈለው በተጠለፈው ልክ ነው። ለሚስቲቱና ለልጆቹ ለብቻው የሚጻፍ ክፍያ የለም። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት ጥልፍ ከስዊዘርላንድ የወጪ ንግድ ሁሉ ቀዳሚው ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ፋሽን ተቀየረ፣ ትእዛዝ ቆመ። በዕዳ የተገዙት መኪኖች በየቤቱ ቀሩ፤ ብዙዎቹም የሥራ ማጣቱን ለማቃለል በተወሰደ እርምጃ ካሣ እየተከፈለባቸው ለብረት ተሰባበሩ። ትእዛዙን የሚሰጡት የከተማው ነጋዴዎች ወደ ሌላ ንግድ መዞር ቻሉ። ዕዳው የቀረው መኪናው ባለበት ቤት ነው።

በአገራችን መኪናው ሲገባ በየገበያውና በየሱቁ በረንዳ ላይ የተቀመጠበት ወንድ ነበር። እስከ ዛሬ በብዙ ከተማ «ልብስ ሰፊ» ሲባል ሰው የሚያስበው ወንድ ነው። ሴቶችን ወደ መርፌ ያቀረበው ሌላ መንገድ ነው። በ1924 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት ተከፈተ። ከጣሊያን ወረራ ዋዜማ ደግሞ በእቴጌ መነን የበላይ ጠባቂነት የተቋቋመው የሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር ለዘማቾች የቁስል ማሰሪያና ልብስ ያዘጋጅ ነበር። ከነፃነት በኋላ በየትምህርት ቤቱ «ባልትና» የሚባል ትምህርት መጣ፤ ልጃገረዶች ወጥ መሥራትና ጥልፍ አብረው ተማሩ። በደርግ ዘመን በ1972 ዓ.ም. የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር ተመሠረተ፤ ብዙ እናቶች የስፌት መኪና መጀመሪያ የረገጡት በቀበሌ ሥልጠና እንደነበር ይነግሩናል። ሥልጠናው ሲያልቅ መኪናው በቀበሌው አዳራሽ ይቀራል፣ ሙያው ከሴቲቱ ጋር ወደ ቤት ይገባል።

ቢቸና ሲነሣ ሰው የሚያስታውሰው በላይ ዘለቀን ነው፤ ሞጣ ሲነሣ ወደ ሰባራ ድልድይ የሚወስደውን የዓባይን መንገድ። ትክክል ነው። በሁለቱ ከተሞች ግቢ ውስጥ የሚሰማው የመኪና ድምፅ ግን ራሱን የቻለ ታሪክ ነው።

የቤት ጥልፍ የሚሠራው ለስፌት በተሠራው ተራ ባለ እግር መኪና ነው። ጠላፊዋ ጨርቁን የሚጫነውን እግር ትፈታለች። ጨርቁን ወደ ኋላ የሚገፋውን ጥርስ ዝቅ ታደርጋለች፣ ዝቅ የማይል ከሆነም ትሸፍነዋለች። ጨርቁን በክብ የእንጨት ወጠሪያ ወጥራ በሁለት እጇ እንደ ብዕር ወረቀት ታንቀሳቅሰዋለች። መርፌው በቦታው ሆኖ ይወጣል ይወርዳል፤ የሚጽፈው ጨርቁ ነው። እግሯ ሲፈጥንና እጇ ሲዘገይ ክሩ ይቋጠራል፣ እጇ ሲፈጥን ስፌቱ ይሳሳል። መብራት ሲጠፋም ሥራ አይቆምም፤ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ከሚታዩት የኮምፒውተር ጥልፍ መኪኖች ጋር የምንወዳደርበት አንዱ ብልጫ ይኸው ነው።

ዋጋውን ብዙዎቹ በፊደል ቁጥር ይጠይቃሉ። እዚህ ላይ ከአባሎቻችን ጋር ክርክር አለን። «በላይ» ሦስት ፊደል ነው፤ «ጸጋዬ»ም ሦስት ፊደል ነው። ሁለቱን የጠለፈች ሁሉ እንደምታውቀው ግን የ«ጸ» እግሮችና የ«ዬ» ቀለበት የሚወስዱት ክርና ሰዓት ሌላ ነው። የኮምፒውተር መኪና ያላቸው የሚያስከፍሉት በስፌት ብዛት ነው፤ እኛም ቢያንስ በደቂቃ ልናስብ ይገባል እንላለን።

በቅርቡ ለአንዲት የቢቸና አባላችን ውጭ አገር ካለች ዘመዷ ያልተለመደ ትእዛዝ መጣ፤ በአማርኛ ስማቸው የተጠለፈበት የውሻ አንገት ማሰሪያ። ስብሰባው ሳቀ። እኛ አገር ውሻ «አንበሶ» ተብሎ ይጠራል እንጂ ስሙ አይጻፍለትም። ትንሽ ብናስብ ግን ነገሩ ከባህላችን ያን ያህል የራቀ አይደለም። የመኳንንት ፈረስና በቅሎ በተጠለፈ ግላስ ይሸለም ነበር። የፈረሱም ስም ከጌታው ስም ጋር ይጠራል፦ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል። እንስሳን በስም ማክበር ለእኛ አዲስ አይደለም።

ሥራው ራሱ ግን ከባድ ነው። የማሰሪያው ጥብጣብ ጠባብና ወፍራም ስለሆነ በወጠሪያ አይያዝም፣ መርፌም ይሰብራል። የተሻለው ዘዴ ስሙን አስቀድሞ በስስ ሪባን ላይ ጠልፎ ከዚያ ሪባኑን በጥብጣቡ ላይ መስፋት ነው። ሪባኑን ለመወጠርም ከሌላ ሰፊ ጨርቅ ላይ ሸምቅቆ መያዝና ወጠሪያውን ጨርቁ ላይ ማስገባት ያስፈልጋል። ውሻ ዝናብና ጭቃ ውስጥ ስለሚገባ ክሩ ቀለሙን የማይለቅ ፖሊስተር መሆን አለበት። «አንበሶ» አራት ፊደል ነው ብላ በአራት ፊደል ዋጋ የተቀበለች ጠላፊ መወጠሩን፣ መልሶ መስፋቱንና የሚሰበረውን መርፌ በነፃ ሰጠች ማለት ነው። ትእዛዙ ተሠርቶ ሄዷል። ዋጋው የተሰላው በሰዓት ነው።

አሁን ወደ ባዶው ዐምድ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ኃላፊ ያደርገዋል። የጋራውን ንብረት የሚያስተዳድረውም እሱ ነበር፣ ከሚስቲቱ ደመወዝና ገቢ በቀር። ይህን «በቀር» ልብ እንበለው። ጠልፋ ያገኘችው ብር በእጇ እስካለ ድረስ የምታስተዳድረው እሷ ናት። በዚያው ብር መኪና ከገዛች ግን መኪናው የጋራ ንብረት ይሆናል፣ አስተዳዳሪውም ባል ነው። እጅግ የታታረችው ሴት፣ ቁጠባዋን ወደ ሥራ ዕቃ የለወጠችው፣ በሕጉ ፊት ይበልጥ የምታጣው እሷ ነበረች።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በ35ኛው አንቀጹ ሴቶች ንብረት የማፍራትና የማስተዳደር መብት እንዳላቸው ደነገገ። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፣ ከዚያም በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ የጋራ ንብረትን አስተዳደር ለሁለቱም ሰጡ። በፌዴራሉ ሕግ ዋጋው ከ500 ብር የሚበልጥ የጋራ ተንቀሳቃሽ ንብረት ያለ ሁለቱ ስምምነት አይሸጥም። ዛሬ ከ500 ብር በታች የሚገኝ የስፌት መኪና የለም።

እዚህ ላይ አንዳንድ አባላት «እንግዲያ ደረሰኙ በማንም ስም ቢሆን ምን ቸገረን? በትዳር ውስጥ የተገዛ የጋራ ነው አይደል?» ይሉናል። ለተጋቡት እውነት ነው፤ ሕጉ በአንዱ ስም ቢመዘገብም የጋራ ነው ብሎ ይገምታል። ችግሩ የሚመጣው ሌላ በር ሲንኳኳ ነው። ባል ሲሞት ወንድሞቹ «የወንድማችን ዕቃ ነው» ብለው ሲመጡ፣ መኪናው ከጋብቻው በፊት በእናቷ ገንዘብ የተገዛ ሆኖ የግሏ መሆኑን ማስረዳት ሲያስፈልግ፣ ወይም ያላገባች ልጅ በአጎቷ ስም ገዝታ አጎቷ ዕዳ ሲገባ፤ ያን ጊዜ የሚጠየቀው ወረቀት ነው።

ብድርም እንዲሁ ነው። አብቁተ፣ በኋላ ጸደይ ባንክ የሆነው፣ በ1989 ዓ.ም. ፈቃድ አግኝቶ በክልላችን ሲስፋፋ ብዙ ሴቶች መሬትና ቤት ሳያስይዙ በቡድን ዋስትና ተበድረዋል። ጥሩ በር ነበር። ነገር ግን ብድሩን የፈረመችውና ስትከፍል የኖረችው ሚስት ሆና መኪናውን ከገበያ የሚገዛው፣ ደረሰኙንም የሚያስጽፈው ባል የሆነበት ቤት አለ። ዕዳው በእሷ ስም፣ ዕቃው በሱ ስም።

ስለዚህ ከዚህ ዓመት ምዝገባ ጀምሮ የሥራ ኮሚቴው ከማኅበሩ ቁጠባ ለሚገዛ መኪና ሁሉ ደረሰኙ በአባሏ ስም እንዲቆረጥ ወስኗል። ባለትዳር ከሆነች የሁለቱ ስም አብሮ ይጻፋል። ቅጂው በማኅበሩ ፋይል ይቀመጣል። የቆየ መኪና ያላችሁና ደረሰኝ የጠፋባችሁ የመኪናውን ቁጥር ከአካሉ ላይ ገልብጣችሁ፣ ሲገዛ ያዩ ሁለት ምስክሮች ይዛችሁ ኑ፤ በቃለ ጉባኤ እንመዘግበዋለን። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በመኪናው ወለል ፊት ለፊት በቀኝ በኩል ነው፤ ዘይትና አቧራ ከሸፈነው በጋዝ በራሰ ጨርቅ ጥረጉት።