ዩ ስትሪት፡ ሰፈሩን ያነሳ፣ ሰፈርተኛውን የበተነ ጣቢያ

ዋሽንግተን ዲሲ የገባ አበሻ “እንጀራ የት ይገኛል?” ብሎ መጠየቁ አይቀርም። እኔም በመጀመሪያ ጉዞዬ ስጠይቅ የተነገረኝ የምግብ ቤት ስም ሳይሆን የባቡር ጣቢያ ስም ነበር። “አረንጓዴውን መስመር ያዝና ዩ ስትሪት ውረድ” አለኝ ወዳጄ። ከዚያ ወዲህ በዚህ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ደጋግሜ ወርጃለሁ። ታሪኩን እያወቅሁ ስሄድ ግን እንጀራውን ብቻ አስቤ መመለስ አልቻልኩም።

ከጣቢያው በፊት

ዩ ስትሪት በዘር መድልዎ ዘመን የጥቁር አሜሪካውያን የንግድና የመዝናኛ ማዕከል ነበር። “ብላክ ብሮድዌይ” ይባል ነበር፤ ታዋቂው የጃዝ ሰው ዱክ ኤሊንግተን ያደገውም በዚሁ አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደል በተነሳው ረብሻ ብዙ ሱቆች ተቃጠሉ፤ ጎዳናውም ለዓመታት ወና ቀረ።

የከተማዋ የምድር ውስጥ ባቡር ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. መጋቢት 27 ቀን 1976 ቢሆንም ዩ ስትሪት ተራው እስኪደርሰው 15 ዓመት ጠብቋል። ጥበቃው ብቻ ሳይሆን ግንባታውም ከባድ ነበር። ዋሻው የተሠራው ጎዳናውን ከላይ ቆፍሮ መልሶ በመድፈን ስለነበር፣ ከረብሻው የተረፉ በርካታ ነጋዴዎች ደንበኛ መግቢያ አጥቶ ሱቃቸውን ዘጉ። ከ1958 ጀምሮ የሚሠራው “ቤንስ ቺሊ ቦውል” የተባለው ምግብ ቤት ግን ሁለቱንም አልፎ ዛሬም በ13ኛው መንገድ መውጫ አጠገብ አለ። ጣቢያው የተከፈተው እ.ኤ.አ. ግንቦት 11 ቀን 1991 ነው። እስከ 1999 ድረስም የዚህ መስመር መጨረሻ ነበር።

ምን ያገኛሉ?

ጣቢያው ሁለት መውጫ አለው። በ13ኛው መንገድ የወጣ እ.ኤ.አ. በ1922 የተሠራውን ሊንከን ቲያትር ያገኛል። በ10ኛው መንገድ በኩል የወጣ ደግሞ በእርስ በርስ ጦርነቱ ለሰሜኑ ጦር የተዋጉ ጥቁር ወታደሮች መታሰቢያ ፊት ይቆማል። በግድግዳው ላይ 209,145 ስሞች ተቀርጸዋል። የመታሰቢያው መጠሪያም የጣቢያው ረጅም ስም አካል ሆኗል።

ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ የሚሄዱት ባቡሮች መሳፈሪያቸው ለየብቻ፣ በሐዲዱ ግራና ቀኝ ስለሆነ ወደ መሳፈሪያው ከመውረድዎ በፊት አቅጣጫዎን ይለዩ። ክፍያው እንደ ርቀቱ ስለሚለያይ ሲገቡም ሲወጡም ካርድ ማስነካት ግድ ነው። ባቡር ውስጥ መብላትና መጠጣት ክልክል ነውና ያስጠቀለሉትን ክትፎ ቤትዎ ድረስ ይታገሡት። መኪና ማቆሚያ የለውም።

የእኛ ሰዎች

ከ10ኛው መንገድ መውጫ አንድ መንገድ አልፎ 9ኛው ይገኛል። ቀድሞ አዳምስ ሞርጋን በሚባለው ሰፈር ይሠሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ኪራይ ሲወደድባቸው ወደዚህ መጥተው ባዶ ቤቶችን ምግብ ቤት፣ ካፌና ሱቅ አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ2005 አካባቢው “ሊትል ኢትዮጵያ” እንዲባል ሐሳብ ሲያቀርቡ ግን ከነባር ጥቁር አሜሪካውያን ተቃውሞ ገጠማቸው። በወቅቱ ተቃውሞው ቅር አሰኝቶኝ ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን ረብሻውንና ቁፋሮውን ችለው የቆዩ ሰዎች የሰፈራቸው ስም ሲቀየር ዝም እንዲሉ መጠበቅ አግባብ አልነበረም።

ባቡሩ ያመጣው ሌላው እንግዳ የኪራይ ውድነት ነው። ጣቢያ አጠገብ መኖር የሚፈልገው ሲበዛ አዳዲስ አፓርታማዎች ተነሱ፤ ብዙ ነባር ነዋሪዎች ለቀቁ፤ ከእኛም ሰዎች ብዙዎቹ ተከተሏቸው። ቡናዋን የለመድኩላት አንዲት ወይዘሮ ቤቷን ዘግታ ሲልቨር ስፕሪንግ ገብታለች።

ሐዲድ ሰፈርን እንደሚያነሳ ዩ ስትሪት ምስክር ነው። ነገር ግን ሰፈሩ ሲነሳ ነባሩ ሰው አብሮ እንዲቆይ የሚያደርገው ሐዲዱ ሳይሆን አስቀድሞ የሚታሰብበት የኪራይና የይዞታ ጉዳይ ነው። የከተማ ባቡር ያላት አዲስ አበባም ይህን ልብ ብትል አይከፋም።

የወይዘሮዋን ቡና ለሚሻ መንገዱ ቀላል ነው። ከዩ ስትሪት በሰሜን አቅጣጫ ሦስተኛው ጣቢያ ፎርት ቶተን ይወርዳሉ፤ ወደ ቀዩ መስመር ይቀይሩና ሁለተኛው ጣቢያ ላይ ይወርዳሉ።