ስም የሌለው በዓል፦ ሚያዝያ 23 በኢትዮጵያ



እኔ በተወለድሁበት በስማዳ፣ በወገዳ አካባቢ፣ ሚያዝያ 23 የቅዱስ ጊዮርጊስ ዓመታዊ በዓል ነው። በሬ አይጠመድም፤ ሰው ሁሉ ወደ ደብሩ ይወጣል። ዕለቱ የሠራተኞች ቀንም መሆኑን ያወቅሁት አዲስ አበባ ከገባሁ በኋላ ነበር። ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ከዚሁ ይነሣል፤ መንግሥት ለሠራተኛው በዓል ሲያውጅ የሚያከብረው ማንን ነው?

በዓሉ ቺካጎ ላይ በ1886 እ.ኤ.አ. ለስምንት ሰዓት የሥራ ቀን ከተደረገው ትግል የመነጨ መሆኑን ታውቃላችሁ። ወደ እኛ የመጣው ግን በደርግ አዋጅ ነው። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የሕዝብ በዓላት አዋጅ ቁጥር 16 የንጉሠ ነገሥቱን ልደትና የዘውድ በዓል ከዝርዝሩ አውጥቶ ሚያዝያ 23ን አስገባ። በዚያ ጊዜ በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ገና በሕይወት ነበር፤ በየካቲት 1966 ዓ.ም. በበየነ ሰሎሞን መሪነት ታላቁን የሥራ ማቆም አድማ የመታውም እርሱ ነው። በዓሉ በታወጀ ማግሥት፣ በ1968 ዓ.ም.፣ ማኅበሩ ፈረሰ። ቀኑ ተሰጠ፤ ቀኑን ያስገኘው ድርጅት ተወሰደ።

ከዚያ በኋላ ያለውን በእርጋታ መናገር ያስቸግረኛል። የፈረሰው ማኅበር የመጨረሻ ሊቀ መንበር ማርቆስ ሐጎስ ከኢሕአፓ ጎን ቆመ፤ በምትኩ የተቋቋመውን የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር የመራው ቴዎድሮስ በቀለ ከደርግ ጎን። ሁለቱም የዚያ ዘመን እልቂት ሰለባ ሆኑ። ሚያዝያ 21 ቀን 1969 ዓ.ም. ሌሊት፣ በበዓሉ ሰሞን፣ አዲስ አበባ ውስጥ የተገደሉት ወጣቶችም አሉ። አዋጁ የአንዳቸውንም ስም አይጠራም። አድዋና የአርበኞች ቀን ቢያንስ ድሉን ይጠራሉ፤ ይህ ግን ባለቤት አልባ ነው።

ሌላ በዓል ይጨመር ባይ አይደለሁም፤ የበዓል እጥረት የለብንም! የሚያሳስበኝ የበዓሉ ድርሻ ለማን እንደሚደርስ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የወር ደመወዝተኛው በሕዝብ በዓል ባለመሥራቱ ደመወዙ አይቀነስበትም ይላል። ሌላውን ለሥራ ውሉ ወይም ለኅብረት ስምምነቱ ይተወዋል። በበጋ ከጋይንት ወይም ከእስቴ ወደ ባሕር ዳር ወርዶ በግንባታ ቦታ ድንጋይ የሚሸከመው የወገዳ ልጅ የጽሑፍ ውልም ማኅበርም የለውም። ሚያዝያ 23 ቀን ካረፈ፣ የሚያርፈው ለጊዮርጊስ ብሎ፣ የዕለት ክፍያውን ትቶ ነው።