ዶሮዋ፣ ኤንዛይሙና «ዶግማው»

ዶግማና ቀኖና ለየቅል መሆናቸውን ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማ አድገናል። ዶግማ አይነካም፤ ቀኖና ግን እንደ ጊዜውና እንደ ሁኔታው ሊሻሻል ይችላል። ይህን የምናውቅ የታሪክና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች፣ የባዮሎጂ ጓደኞቻችን «ማዕከላዊው ዶግማ» የሚባል ትምህርት እንዳላቸው ስንሰማ ገረመን። ሳይንስ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ዶግማ ያለው? ነገሩን ስንከታተለው አንዲት ዶሮ ዘንድ አደረሰን። (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በ1909 ኒውዮርክ በሚገኘው የሮክፌለር ተቋም ይሠራ ለነበረው ወጣት ሐኪም፣ ለፔይተን ራውስ፣ ደረቷ ላይ እባጭ ያወጣች የፕሊማውዝ ሮክ ዝርያ ዶሮ መጣችለት። ራውስ እባጩን ቆርጦ ፈጨው፤ ሕዋስም ሆነ ባክቴሪያ በማያሳልፍ ማጣሪያ አጠለለው። ጠላ እንደ ማጥለል ቀላል ይመስላል እንጂ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው፤ ያ የጠለለ ፈሳሽ ጤነኛ ዶሮ ሲወጋ ያንኑ ነቀርሳ አወጣ። ውጤቱን በ1911 አሳተመ። ከሱ ቀደም ብለው፣ በ1908፣ ኤለርማንና ባንግ የተባሉ የኮፐንሃገን ተመራማሪዎች የዶሮን ሉኪሚያ በዚሁ መንገድ አስተላልፈው ነበር። ግን ማን ሰማቸው! በዚያን ዘመን ሉኪሚያ ራሱ ከነቀርሳ አይቆጠርም ነበር፤ የዶሮ በሽታ ደግሞ ስለ ሰው ምን ሊነግረን ነው የሚለው ስሜት አየለ። ራውስም በአይጥ ሞክሮ አልሳካ ሲለው ወደ ሌላ ምርምር ዞረ። የኖቤል ሽልማት የደረሰው በ1966 ነው፤ ከ55 ዓመት በኋላ፣ በ87 ዓመቱ።

በዚህ መሀል ነው «ዶግማው» የተወለደው። ፍራንሲስ ክሪክ በ1958 ባሳተመው ጽሑፍ፣ መረጃ አንዴ ፕሮቲን ውስጥ ከገባ ተመልሶ አይወጣም አለ። መማሪያ መጻሕፍት ይህን አሳጥረው «ከዲ ኤን ኤ ወደ አር ኤን ኤ፣ ከአር ኤን ኤ ወደ ፕሮቲን» አደረጉት። መንገዱ ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚያስኬድ ሆኖ ቀረ። የሚያስቀው፣ ክሪክ ኋላ እንዳመነው፣ ዶግማ የሚለውን ቃል ሲመርጥ ትርጉሙን በቅጡ አልተረዳውም ነበር። እኛን ቢጠይቀን «ጌታዬ፣ ቀኖና ይበሉት» እንለው ነበር።

የራውስ ቫይረስ ዘሩ የተጻፈው በአር ኤን ኤ ነው። በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ሃዋርድ ቴሚን ግን አንድ የማይገጥም ነገር አየ። አክቲኖማይሲን ዲ የተባለው መድኃኒት ከዲ ኤን ኤ ላይ የሚደረገውን ቅጂ ያግዳል፤ አር ኤን ኤ ብቻ የያዘ ቫይረስ ሊነካው አይገባም ነበር። ሆኖም የራውስ ቫይረስ መራባቱን አቆመ። እንግዲያው፣ አለ ቴሚን በ1964፣ ቫይረሱ ሕዋስ ውስጥ ሲገባ ወደ ዲ ኤን ኤ ይገለበጣል ማለት ነው። ብዙዎቹ አልተቀበሉትም። እውነቱን ለመናገር ማስረጃው ገና ቀጭን ነበር፤ መድኃኒቱ ሕዋሱን በሌላ መንገድ ጎድቶት ሊሆን ይችላል ቢሉ አይፈረድባቸውም።

ስድስት ዓመት አለፈ። በ1970 ቴሚንና ጃፓናዊው ባልደረባው ሳቶሺ ሚዙታኒ የቫይረሱን ቅርፊት በሳሙና መሰል ኬሚካል ከፍተው የዲ ኤን ኤን አራት መሥሪያ አካላት ጨመሩበት። ዲ ኤን ኤ ተሠራ! አር ኤን ኤውን አስቀድመው ሲያጠፉት ግን ሥራው ቆመ። ጽሑፉ ከዚያ ላይ ይገለበጥ እንደነበር ታወቀ። ዴቪድ ባልቲሞርም በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ከአይጥ ቫይረስ ተነሥቶ ለብቻው እዚያው ደረሰ። ሁለቱም ጽሑፎች ሰኔ 27 ቀን በዚያው በ«ኔቸር» መጽሔት ወጡ። ራውስ ግን ይህን አላየም፤ በየካቲት ሞቶ ነበር።

ኤንዛይሙ ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ ተባለ። አሠራሩ ከቅጂው ተነሥቶ ዋናውን መጽሐፍ የሚጽፍ ቁም ጸሐፊን ይመስላል። በዶሮ ቫይረሶች ሁለት ክፍል አለው፤ ትንሹ ከትልቁ ተቆርጦ የሚገኝ ነው። መጻፍ ሲጀምር መነሻ የሚያደርገው ከዶሮዋ ሕዋስ የተዋሰውን፣ ትሪፕቶፋን ተሸካሚ የሆነ ትንሽ አር ኤን ኤ ነው። እየገለበጠ የኋላውን አር ኤን ኤ ይበላዋል፤ ከዚያ ሁለተኛውን የዲ ኤን ኤ ክር ይጽፋል። የተጻፈውም ከሕዋሱ ዘር ጋር ይሰፋል። የጻፈውን መልሶ ስለማያርም ስሕተቱ ብዙ ነው፤ ቫይረሱ ቶሎ ቶሎ የሚለዋወጠውም በከፊል ለዚህ ነው።

የዶሮዋ ነገር በዚህ አላበቃም። በ1976 ስቴህላን፣ ቫርመስ፣ ቢሾፕና ቮግት፣ የራውስ ቫይረስ ነቀርሳ የሚያመጣበት ጂን በጤነኛ ዶሮም ውስጥ እንዳለ አሳዩ፤ ቫይረሱ ከዶሮ የሰረቀው ነበር። በ1983 ፓሪስ ውስጥ ኋላ ኤች አይ ቪ የተባለው ቫይረስ ሲገኝ፣ ምን ዓይነት እንደሆነ ከጠቆሙት ምልክቶች አንዱ ይኸው ኤንዛይም ነው። በ1987 የተፈቀደው ኤ ዜድ ቲም የሚያግደው እሱኑ ነው። በአገራችን መድኃኒቱ በነጻ መታደል ከጀመረበት ከ2005 አንሥቶ፣ ወገኖቻችን በየዕለቱ ከሚውጡት ክኒን ውስጥ ይህንኑ ጸሐፊ እጁን የሚይዝ አለበት። የዶሮ ነገር ለሰው ምን ይረባል ላለ ሰው፣ መልሱ ይኸው።

በ1975 የኖቤል ሽልማት ለቴሚን፣ ለባልቲሞርና ለዱልቤኮ ተሰጠ። ወሳኙን ሙከራ ከቴሚን ጋር የሠራው ሚዙታኒ ስሙ የለበትም። የታሪክ ተማሪ ሥራ አንዱ እንዲህ ያለውን ስም ማንሣት ነው። ሌላው ሥራችን ግን ይከብዳል። ያልተሰማ ሁሉ ትክክል ነው ብለን እንዳናስብ እንጠንቀቅ፤ ቴሚንን ያዳነው መገፋቱ ሳይሆን፣ በመጨረሻ ማንም በቤተ ሙከራው ደግሞ ሊያየው የሚችለውን ነገር ማሳየቱ ነው። ዶግማውም እንደ ቀኖና የተሻሻለው ያኔ ነው።