ከማርቆስ እስከ ፖንዛ፦ መመለሻ ቲኬት የሌለው የደሴት ጉዞ

ዘንድሮ ለእረፍት የት እንሂድ?

“ደግሞ የምን እረፍት?” እንዳትሉን። ማቀድ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ማለም ቪዛ አይጠይቅም። እኛ የማርቆስ ልጆች ደግሞ ባሕር ብናልም አይፈረድብንም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ፣ ጮቄን ተንተርሳ የተቀመጠች ደጋ ናት። ሐምሌ ላይ ጋቢ ደርቦ ብርዱን የሚያማርር ሰው፣ በሐሳቡ አሸዋ ላይ ተንጋሎ ፀሐይ ቢሞቅ ምን ይገርማል?

እናም መረጥን። ሜዲትራኒያን ላይ ያለ ደሴት ይሁን፤ መዋኛውም፣ ፍል ውኃውም፣ ስፓውም ያለበት። ከዝርዝራችን አናት ላይ ሁለት የጣሊያን ደሴቶች ወጡ፤ ፖንዛና ሊፓሪ። ፖንዛ ከሮም በስተደቡብ፣ ከአንዚዮ ወይም ከፎርሚያ በመርከብ የሚደረስባት ናት። ሊፓሪ ከሲሲሊ በስተሰሜን ትገኛለች፤ መርከቡ ከሚላዞ ይነሳል። ሁለቱም ውኃቸው እንደ መስታወት የጠራ፣ አዲስ ተጋቢዎች የሚመኟቸው ደሴቶች ናቸው።

ጓዛችንን ከመሸከፋችን በፊት ግን አንድ ነገር እናስታውስ። ከእኛ በፊት ከማርቆስና ከአካባቢዋ ተነስተው እነዚህን ደሴቶች የረገጡ ሰዎች አሉ። አንዱ የጎጃም ገዥ ነበሩ። ሌላው የሁላችንም ደራሲ ናቸው። ሁለቱም ለእረፍት አልሄዱም።

እርግጥ አውሮፓን በክብር የጎበኘ የጎጃም መኳንንትም ነበር። ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት በ1916 ዓ.ም. ከአልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ጋር ሆነው ኢየሩሳሌምን፣ ካይሮን፣ ፓሪስን፣ ሮምንና ለንደንን ዞረዋል። በየደረሱበት የክብር ሰልፍና ግብዣ ጠበቃቸው። ሜዲትራኒያንን እንደ እንግዳ ተሻገሩት፤ እንደ እንግዳም ተመለሱ።

ስምንት ዓመት አለፈ። በ1924 ዓ.ም. ራስ ኃይሉ ልጅ ኢያሱ እንዲያመልጡ ረድተዋል ተብለው ከሥልጣን ወረዱ። በምትካቸው የንጉሠ ነገሥቱ ዘመድና አብሮ አደግ፣ ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ፣ ደብረ ማርቆስ ገቡ። ብዙም ሳይቆይ ጦርነቱ መጣ።

ራስ እምሩ የጎጃምን ጦር አስከትለው ወደ ሽሬ ዘመቱ። ታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ሠራዊታቸው ተከዜን ተሻግሮ ደንበጉና ላይ የጣሊያንን ትናንሽ ታንኮች ገጠመ፤ ማረከም፣ አቃጠለም። ጣሊያን ለዚህ የሰጠው መልስ ከሰማይ የሚወርድ የመርዝ ጋዝ ነበር። የካቲት ላይ የሽሬው ግንባር ተሰበረ። ያም ሆኖ ራስ እምሩ አልቆሙም። ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ሲወጡ እንደራሴ አድርገው ሾመዋቸው ስለነበር በምዕራብ ኢትዮጵያ ትግሉን ቀጠሉ። በመጨረሻ ታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ጎጀብ ወንዝ አካባቢ ተከበው ተማረኩ።

ከዘማቾቹ መካከል በ1902 ዓ.ም. ከማርቆስ አጠገብ፣ ጎዛምን የተወለዱ ወጣት መምህር ነበሩ። ቅኔ የተቀኙ፣ አዲስ አበባም ወጥተው ዘመናዊ ትምህርት የተማሩ። ስማቸው ሐዲስ ዓለማየሁ ይባላል። አዎ፣ ያው የበዛብህና የሰብለ ወንጌል አባት! እሳቸውም ተይዘው ወደ ጣሊያን ተጋዙ። መጀመሪያ ፖንዛ፣ ቀጥሎም ሊፓሪ። የኛ የእረፍት ዝርዝር የሳቸው የእስር ዝርዝር ነው።

ለምን ደሴት? ነገሩ የፋሺስቶች ፈጠራ አይደለም። የሮም ነገሥታት የጠሉትን ዘመድ የሚጥሉት ደሴት ላይ ነበር። ጢባርዮስ ቄሳር የጀርማኒኩስን ልጅ ያጋዘው ወደዚችው ፖንዛ ነው። ሙሶሊኒም በ1919 ዓ.ም. አካባቢ የፖለቲካ ተቃዋሚዎቹን ያለ ፍርድ ቤት ወደ ደሴቶች የሚያግዝበትን ሕግ ሲያወጣ የአያቶቹን መንገድ ነው የተከተለው። ደሴት ርካሽ እስር ቤት ነው፤ ግንቡን ባሕሩ ሠርቶ ጨርሶታል። ጥቂት ዘበኛና አንድ የመርከብ መውረጃ ካለ ይበቃል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን የጉዞ ማስታወቂያዎቹን እናንብብ። “ሩቅ።” “ጸጥ ያለ።” “ዙሪያውን በባሕር የተከበበ።” እነዚህ ሦስት ነገሮች ናቸው ፖንዛን ዛሬ ተፈላጊ የሚያደርጓት። ያኔ ለእስር ያስመረጧትም እነዚሁ ሦስቱ ናቸው! ደሴቷ አልተቀየረችም። ልዩነቱ የመመለሻው ቲኬት በማን ኪስ እንዳለ ነው።

በፖንዛ የኛ ሰዎች ብቻ አልነበሩም የታሰሩት። በ1920ዎቹ ማብቂያ ገደማ ሳንድሮ ፔርቲኒ የሚባል ሶሻሊስት እዚያው ታስሮ ነበር። ይህ ሰው ኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1978 እስከ 1985 የጣሊያን ፕሬዚዳንት ሆኗል። የአዲስ አበባው ወራሪና የሮሙ አሳሪ አንድ ሰው ስለነበር፣ የጎጃም ገዥና የጣሊያን ሶሻሊስት የአንድ ደሴት እስረኞች ሆኑ።

ታሪክ ደግሞ አንዳንዴ ቀልድ ያውቃል። ሐምሌ 18 ቀን 1935 ዓ.ም. ሙሶሊኒ በገዛ ንጉሡ ትእዛዝ ተያዘ። የት ይውሰዱት? ፖንዛ! ሐምሌ 22 ቀን 60ኛ ዓመት ልደቱን እስረኛ ሆኖ እዚያው አከበረ (ካከበረው)። ያረፈበት ቤት ራስ እምሩ ታስረውበት የነበረው ቤት ነው ይባላል። ራስ እምሩ በዚያን ጊዜ ካላብሪያ ውስጥ ሎንጎቡኮ ወደምትባል ተራራማ ከተማ ተዛውረዋል። ሙሶሊኒ ፖንዛ ላይ የቆየው ዐሥር ቀን ያህል ነው። እነ ራስ እምሩ ግን በጣሊያን እስር ከስድስት ዓመት በላይ ቆይተዋል። ሰፈር ቢጋሩም ዕዳው እኩል አልነበረም።

አሁን ወደ ሁለተኛዋ ደሴት እንሻገር። ስፓ ስፓ ያላችሁ፣ ሊፓሪ ይኸውላችሁ። ሳን ካሎጄሮ የሚባለው ፍል ውኃዋ በሜዲትራኒያን አካባቢ ጥንታዊ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት የተሠራ ክብ ቤት አለው። ጎረቤቷ ቩልካኖ ደግሞ ድኝ ድኝ በሚሸት ጭቃዋ ትታወቃለች፤ ሰው ጭቃውን ተቀብቶ ይድናል ይባላል። ለኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። እቴጌ ጣይቱ አዲስ አበባን የቆረቆሩት በፍል ውኃ ምክንያት አይደል? ከመሬት ለሚፈልቅ ውኃ ክብር መስጠትን ከጠበል የተማርን ሕዝብ ነን።

ሐዲስ ዓለማየሁ ሊፓሪ ላይ የነበሩት ግን ሊድኑ ሳይሆን ሊጠበቁ ነው። ከሊፓሪ ማምለጥ ምን ያህል ከባድ እንደነበር ለመረዳት አንድ ታሪክ ይበቃል። ሐምሌ 1921 ዓ.ም. ካርሎ ሮሴሊ፣ ኤሚሊዮ ሉሱና ፋውስቶ ኒቲ የሚባሉ ሦስት ጣሊያናውያን እስረኞች በሌሊት በሞተር ጀልባ አመለጡ። ወሬው አውሮፓን አዳረሰ። ለእነሱ ግን ከባሕሩ ማዶ ጀልባ የሚልክ ወዳጅ ነበራቸው። የጎዛምን ሰው ከማዶ ማን አለው?

የተባበሩት ኃይሎች ጦር በ1935 ዓ.ም. ክረምት ሲሲሊን ሲይዝ ነው የነፃነቱ ቀን የመጣው። ሐዲስ ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ያለውን እናውቀዋለን፤ ዲፕሎማት፣ አምባሳደር፣ ሚኒስትር፣ በ1958 ዓ.ም. ደግሞ “ፍቅር እስከ መቃብር”። ባሕሩንና እስሩን ያየ ሰው በዚያ መጽሐፍ የጻፈው ግን ስለ ባሕር አይደለም። ስለ ጎጃም ነው፤ ስለ ባላባቱና ስለ ገባሩ፣ ስለ ጉዱ ካሣ። የውጭውን አሳሪ ያየ ዓይን የቤቱንም ለይቶ አየ ብንል ያጋነንን አይመስለንም። ስለ ጦርነቱና ስለ እስሩ ደግሞ “ትዝታ” በሚለው መጽሐፋቸው አውግተውናል። ኅዳር 26 ቀን 1996 ዓ.ም. አረፉ።

ሦስተኛ ደሴት ጨምሩ ካላችሁን፣ ከሰርዲኒያ ጥግ ላይ ያለችው አሲናራ አለች። በነጫጭ አህዮቿ የምትታወቅ፣ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ የሆነች ውብ ደሴት። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እልቂት በኋላ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን መኳንንትና ቤተሰቦች ወደ ጣሊያን ሲጋዙ ብዙዎቹ ያረፉት እዚያ ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ልዕልት ሮማነ ወርቅ ከነልጆቿ አሲናራን አይታለች። አገሯን ግን ደግማ አላየችም፤ እ.ኤ.አ. በ1940 ቶሪኖ ውስጥ ሞተች።

“ይህ ሁሉ የድሮ ነው፤ እረፍታችንን አታበላሹብን” የሚል አይጠፋም። ድሮ ቢሆን ደስ ባለን። እ.ኤ.አ. በ2013 በአንድ ታዋቂ የጉዞ ድረ ገጽ የተጓዦች ምርጫ የዓለም አንደኛ የተባለው የባሕር ዳርቻ ላምፔዱዛ በምትባል የጣሊያን ደሴት ላይ ያለ ነው። በዚያው ዓመት፣ ጥቅምት 3 ቀን፣ ከዚያችው ደሴት ማዶ አንዲት ጀልባ ሰጥማ ከ360 በላይ ሰዎች አለቁ። አብዛኞቹ ኤርትራውያን ነበሩ፤ የኛው ደም፣ የኛው ቋንቋ፣ የኛው ዕድሜ። አንድ ደሴት፣ አንድ ዓመት፤ ለአንዱ ፀሐይ መሞቂያ፣ ለአንዱ መቃብር። ልዩነቱ አሁንም ያው ወረቀት ነው። በአውሮፕላን ገብቶ በአውሮፕላን የሚወጣበት ወረቀት ያለው ይዋኛል፤ የሌለው ይሰጥማል።

ታዲያ አንሂድ ነው የምትሉት? በጭራሽ! እንሂድ እንጂ። ቪዛው ይሰጠን፣ ገንዘቡም ይገኝ፣ ሄደን እንዋኝ፤ ፍል ውኃውም ውስጥ እንዘፍዘፍ። በግዞት የሄዱት ሰዎች ልጆች በፈቃዳቸው ሄደው በፈቃዳቸው ቢመለሱ ከዚህ የበለጠ ምን ድል አለ? ነገር ግን ባዶ እጃችንን አንሂድ። በሻንጣችን ከዋና ልብሱ ጎን የሐዲስን “ትዝታ” እና የራስ እምሩን “ካየሁት ከማስታውሰው” እንያዝ። ፖንዛ ወደብ ላይ ቡና ሲቀርብልን አስተናጋጁን እንጠይቀው፤ ሙሶሊኒ የታሰረበትን ቤት ያሳየናል። ያኔ እኛ ደግሞ ከሙሶሊኒ በፊት እዚያ ደሴት ላይ ማን እንደነበረ እንነግረዋለን።