ብርሃን፣ ቀጭን ቱቦና የወባ መድኃኒት

ኢትዮጵያ በፕላዝሞዲየም ፋልሲፓረም ለሚመጣው ወባ አርተሜተር-ሉመፋንትሪንን የመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና አድርጋ የመረጠችው እ.ኤ.አ. በ2004 ነበር። በዚያው ዓመት የዓለም ጤና ድርጅት የዚሁ መድኃኒት እጥረት ማጋጠሙን አስታወቀ። የመድኃኒቱ መነሻ የሆነውን አርቴሚሲኒንን ቱ ዩዩና ባልደረቦቿ በቻይና በ1972 ለይተው ካወጡበት ጊዜ አንሥቶ ምንጩ ከአሪቲ ወገን የሆነው የአርቴሚዥያ አኑዋ ቅጠል ነበር። ተክሉ ተዘርቶ እስኪደርስ ወራት ስለሚፈጅ፣ ፍላጎት በድንገት ሲጨምር አቅርቦቱ ሊደርስበት አልቻለም። ስለሆነም ተመራማሪዎች አዝመራ ሳይጠብቁ አርቴሚሲኒንን ለመሥራት ተነሡ።

የመፍትሔው ግማሽ የተገኘው ከእርሾ ነው። በ2006 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በርክሊ፣ የጄይ ኪስሊንግ ቡድን ዘረ መሉ የተለወጠ እርሾ አርቴሚሲኒክ አሲድ እንዲያመርት አደረገ፤ በ2013 መጠኑ በሊትር 25 ግራም መድረሱ ተዘገበ። ይሁን እንጂ አሲዱ ጥገኛ ተሐዋሲውን የሚገድለው የኦክስጅን ድልድይ የለውም። ድልድዩን ለመሥራት ብርሃንን የሚቀበል ቀለም ይጨመራል፤ ቀለሙም የተቀበለውን ኃይል ለኦክስጅን ያስተላልፋል።

ችግሩ ሥራውን ከቤተ ሙከራ ወደ ፋብሪካ ማሳደጉ ላይ ነበር። ብርሃን ቀለም ባለው ብጥብጥ ውስጥ ገና ከላዩ ስለሚዋጥ፣ የዕቃው መጠን በጨመረ ቁጥር መሐሉ በጨለማ ይቀራል። በ2005 በብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ የኬቪን ቡከር-ሚልበርን ቡድን ብርሃን አሳላፊ የፕላስቲክ ቱቦ በመብራት ዙሪያ ጠምጥሞ ብጥብጡን በውስጡ አፈሰሰ። ብጥብጡ ቀጭን ስለሆነ ብርሃኑ ሁሉንም ያገኘዋል፤ ምርቱም የሚጨምረው ዕቃውን በማስፋት ሳይሆን ፍሰቱን ሳያቋርጡ በማስኬድ ነው። በአንድ ጊዜ ከብርሃንና ከኦክስጅን ጋር የሚገናኘው መጠን አነስተኛ መሆኑም የፍንዳታን አደጋ ይቀንሳል።

በ2012 በፖትስዳም፣ ጀርመን፣ ፒተር ዜበርገርና ፍራንስዋ ሌቬክ ይህንኑ ዘዴ ለአርቴሚሲኒን አዋሉት። ከአሲዱ የተዘጋጀው ዳይሃይድሮአርቴሚሲኒክ አሲድ በአንድ ያልተቋረጠ ፍሰት፣ ከአምስት ደቂቃ ባነሰ ቆይታ ወደ አርቴሚሲኒን ተለወጠ፤ የተገኘው ምርትም 39 በመቶ ነበር።

ሳኖፊ ግን በ2013 በጋሬሲዮ፣ ጣሊያን፣ ማምረት ሲጀምር የመረጠው ቀጭኑን ቱቦ ሳይሆን በሜርኩሪ መብራት የሚሠራ ትልቅ መሣሪያን ነበር። ኬሚስትሪው ተሳካ፤ ገበያው ግን ሌላ ሆነ። ከቅጠል የሚገኘው አርቴሚሲኒን ዋጋው ስለረከሰ ሰው ሠራሹ ሊወዳደረው ሳይችል ቀረ። ሳኖፊም በ2016 ፋብሪካውን ሁቬፋርማ ለተባለ ድርጅት ሸጠ።

የዓለም አርቴሚሲኒን ዛሬም በአብዛኛው የሚመጣው ከገበሬ ማሳ ነው። የዋጋው መርከስ ለታካሚው በጎ ቢሆንም ገበሬው ተክሉን እንዲተወው ሊያደርግ ስለሚችል፣ የ2004ቱ እጥረት ዳግም እንዳይከሰት ዋስትና አይሆንም። የብርሃኑና የቱቦው ሥራ ከፋብሪካው ጋር አብሮ አለመረሳቱ የሚበጀውም ስለዚህ ነው።