የጠላት ልጅ ሲራብ

በዚህ የዓመት መጽሐፍ ላይ እኛ ከታሪክ ትምህርት ክፍል የወጣነው ሰዎች ስንጽፍ፣ ብዙውን ጊዜ የምንጽፈው ስለ መምህሮቻችን፣ ስለ ኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት ወረፋ፣ ወይም ሌሊት ከአንበሳ ግቢ ስለሚሰማው ግሳት ነው። እኔም ከዚያ የተለየ ልማድ የለኝም። ዘንድሮ ግን ማኅበራችን ለልጆች ትምህርት የሚያዋጣው ገንዘብ ብዙ ስላነጋገረን፣ ስለ አንዲት የታሪክ ተማሪና ስለ መሠረተችው ማኅበር ልጻፍ ብዬ ተነሣሁ። ማኅበሩ ዛሬ በዓለም ከታወቁት ትልልቅ የዕርዳታ ድርጅቶች አንዱ ነው፤ እኛም አገር "ሴቭ ዘ ችልድረን" ሲባል የማያውቀው የለም። ሲጀመር ግን ትንሽ ነበር፤ ያውም ብዙ ሰው የጠላው ትንሽ። እኔን የሚስበኝ ያ ትንሽ የነበረበት ዘመን ነው። (ዓ.ም. ብዬ ካላመለከትሁ በስተቀር ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ኤግላንታይን ጄብ በ1876 በእንግሊዝ አገር፣ ሽሮፕሻየር በሚባለው አውራጃ፣ ከደህና ቤተሰብ ተወለደች። በ1895 ኦክስፎርድ ገብታ በሌዲ ማርጋሬት ሆል ታሪክ አጠናች። ትምህርቷን ጨረሰች፣ ፈተናዋንም አለፈች፤ ዲግሪ ግን አልተሰጣትም። ኦክስፎርድ ለሴቶች ዲግሪ መስጠት የጀመረው በ1920 ነውና። ጋውን ለብሰን ፎቶግራፍ የተነሣን ሁሉ ይህችን ልብ ብንላት ደግ ነው። ከዚያ በኋላ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ጥቂት ጊዜ አስተማረች። ወደ ካምብሪጅ ተዛውራም የከተማይቱን ድኾች ኑሮ አጥንታ በ1906 መጽሐፍ አወጣች። በ1913 የባልካን ጦርነት ያፈናቀላቸውን ለመርዳት መቄዶንያ ድረስ ሄደች። ጦርነት ተኩስ ካቆመ በኋላም መግደሉን እንደማይተው በዐይኗ አይታ ተመለሰች።

ይህ ዕውቀት የሚያስፈልግበት ቀን ሩቅ አልነበረም። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተኩስ በኖቬምበር 1918 ቆመ። ነገር ግን አሸናፊዎቹ በጀርመንና በኦስትሪያ ላይ የጣሉት የባሕር ከበባ ወዲያው አልተነሣም። የሰላሙ ውል እስኪፈረም ድረስ ለወራት ቀጠለ። በቪየና ወተት ጠፋ፤ አጥንታቸው የለሰለሰ፣ መራመድ የተሳናቸው ልጆች በየሆስፒታሉ ተኙ። የለንደን ሕዝብ ይህን ብዙም አያውቅም ነበር። የምታውቀው ታናሽ እኅቷ ዶሮቲ በክስተን ነበረች። ዶሮቲ በጦርነቱ ዘመን ልዩ ፈቃድ አውጥታ የጠላት አገር ጋዜጦችን እያስመጣች፣ እያስተረጎመች፣ በአንድ የካምብሪጅ መጽሔት ላይ ታትም ነበር። እኛ የታሪክ ተማሪዎች "የሌላውን ወገን ምንጭ አንብብ" እየተባልን ነው ያደግነው። እነዚህ እኅትማማቾች ምክሩን በጦርነት መካከል ሠሩበት፤ ሌላው ያላየውን ረኃብ ያዩትም በዚያ ነው።

በ1919 መጀመሪያ ከበባው እንዲነሣ የሚከራከር ምክር ቤት ተቋቋመ። ኤግላንታይንም በዚያው ዓመት በኤፕሪል ወር ትራፋልጋር አደባባይ ላይ ወረቀት ስትበትን ተያዘች። በወረቀቱ ላይ የነበረው በረኃብ የተጎሳቆለ የኦስትሪያ ሕፃን ፎቶግራፍ ነው። የተከሰሰችበት ወንጀል ወረቀቱን ሳንሱር ሳያየው ማሠራጨት ነበር። ፍርድ ቤት ቀርባ ራሷ ተከራከረች። ሕጉ በግልጽ ስለሚቃወማት ተፈረደባት፤ ቅጣቱ ግን 5 ፓውንድ ብቻ ሆነ። ከችሎቱ በኋላ ያንኑ 5 ፓውንድ ከኪሱ አውጥቶ የሰጣት የከሰሳት ዐቃቤ ሕግ፣ ሰር አርቺባልድ ቦድኪን፣ እንደ ነበረ ይነገራል። ለማኅበሩ የተሰጠ የመጀመሪያ መዋጮ እየተባለ የሚተረከውም ይኸው ነው።

ሜይ 19 ቀን 1919 እኅትማማቾቹ በሮያል አልበርት ሆል ሕዝብ ጠሩ። አዳራሹ ሞላ። ከመጣው ሰው መካከል ግን የበሰበሰ ፍራፍሬ ይዞ "እነዚህን የጠላት ወዳጆች" ሊደበድብ የተዘጋጀ እንደ ነበረ ይወራል። ሊፈረድበትም አይገባ ይሆናል፤ ልጁን፣ ወንድሙን፣ ባሏን በዚያ ጦርነት ያጣው ስንቱ ነው! እንዲህ ላለው ሰው "ለገዳይህ ልጅ ወተት ግዛ" ማለት ቀላል ነገር አይደለም። ያም ሆኖ ስብሰባው በመዋጮ ተጠናቀቀ፤ "የሕፃናት አድን ፈንድ" የተባለው ማኅበርም በዚያ ቀን ለሕዝብ ታወቀ። በርናርድ ሾው ለምን የጠላት ልጆችን ትረዳለህ ሲባል፣ ዕድሜው ከሰባት ዓመት በታች የሆነ ጠላት የለኝም ብሎ የመለሰው በዚህ ሰሞን ነው።

ታዲያ ስሜት ገንዘብ ያመጣል እንጂ ሥራ አይሠራም። ኤግላንታይንን ከብዙ ደግ ሰዎች የሚለያት ይህን ማወቋ ነው። ገንዘቡን ራሷ ይዛ አልዞረችም፤ በየአገሩ አስቀድመው ይሠሩ ለነበሩ ሰዎች አስተላለፈች። በጃንዋሪ 1920 በጄኔቫ፣ በቀይ መስቀል ጥላ ሥር፣ የየአገሩን ማኅበራት የሚያስተባብር ዓለም አቀፍ ኅብረት ተመሠረተ። የሮማው ፖፕ ቤኔዲክቶስ 15ኛም በዓለም ባሉ ካቶሊክ አብያተ ክርስቲያናት ለልጆቹ ገንዘብ እንዲሰበሰብ አዘዙ። ኤግላንታይን የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ልጅ ነበረች፤ ለዚህ ሥራ ግን የማንም ሃይማኖት በር ቢሆን አንኳኳች። በጋዜጣ ሙሉ ገጽ ማስታወቂያ አወጣች። ይህን ጊዜ ደግሞ "የድኻ ገንዘብ ለማስታወቂያ!" ተብሎ ተጮኸባት። እርሷ የመለሰችው በሒሳብ ነው፤ ለማስታወቂያው የወጣው በብዙ እጥፍ ተመልሶ ገባ።

ትልቁ ፈተና በ1921 መጣ። በሩሲያ በቮልጋ ወንዝ አካባቢ ድርቅና የእርስ በርስ ጦርነት ተደራርበው ሚሊዮኖችን ለረኃብ አጋለጡ። የሩሲያ መንግሥት ደግሞ ቦልሼቪክ ነው፤ ለንደን ውስጥ ስሙ ሲነሣ የሚያንገሸግሸው ብዙ ነበር። አንዳንድ ጋዜጦች ረኃቡ የተጋነነ ነው፣ ይልቅ ለአገራችን ሥራ ፈቶች አስቡ ብለው ዘመቱ። ማኅበሩ ምን አደረገ? ፎቶግራፍ አንሺ ወደ ሩሲያ ልኮ ፊልም አስቀረጸና በየአዳራሹ አሳየ። በሴፕቴምበር 1921 ቶርቼሎ የተባለች መርከብ 600 ቶን ምግብና ቁሳቁስ ጭና ከለንደን ተነሣች። በሳራቶቭ አውራጃ በተከፈቱት ማብሰያ ቤቶች 300,000 ያህል ልጆች ይመገቡ ነበር። ምግቡ እዚያው ተበስሎ፣ ልጁ እዚያው በልቶ እንዲሄድ ተደረገ፤ ይህ ራሽኑ ሌላ ሰው እጅ እንዳይገባ የተዘየደ ነው። ዛሬ በትምህርት ቤቶቻችን የምሳ ምገባ ሲባል የምናውቀው አሠራር የዚህ ዘመድ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ኤግላንታይን ከጥቂት ዓመታት ሥራ በኋላ አንድ ነገር አስጨነቃት፤ ረኃቡ ሲያልፍ የሰው ርኅራኄም አብሮ ያልፋል። ስለዚህ በ1923 አምስት ነጥብ ብቻ ያላት አጭር ጽሑፍ አዘጋጀች። በእኛ ቋንቋ አሳጥሬ ብናገር፦ ልጅ በአካልም በመንፈስም የሚያድግበት ነገር ሊሟላለት ይገባል፤ የተራበ ይብላ፣ የታመመ ይታከም፣ ወደ ኋላ የቀረ ይደገፍ፣ ያጠፋ ይመለስ፣ ወላጅ የሌለው መጠጊያ ያግኝ፤ መከራ ሲመጣ ቀድሞ የሚረዳው ልጅ ይሁን፤ ሠርቶ የሚበላበትን ሙያ ይማር፣ ጉልበቱም አይበዝበዝ፤ ሲያድግ ተሰጥኦው ለሌላው ሰው አገልግሎት እንደሆነ አውቆ ይደግ። የመንግሥታት ማኅበር ይህን በሴፕቴምበር 1924 ተቀበለው፤ የጄኔቫ መግለጫ የሚባለው ይህ ነው። ኢትዮጵያ የማኅበሩ አባል ከሆነች ገና አንድ ዓመቷ ነበር። ኤግላንታይን በ1928 በ52 ዓመቷ ጄኔቫ ላይ ዐረፈች። መግለጫው ግን በ1959 በተባበሩት መንግሥታት ሰፋ፣ በ1989 ደግሞ የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን ሆነ። ኢትዮጵያ ኮንቬንሽኑን የተቀበለችው በሜይ 14 ቀን 1991 ነው፤ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከአገር ከመውጣታቸው ልክ አንድ ሳምንት በፊት ማለት ነው። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 36 ስለ ሕፃናት መብት የምናነበውም የዚህ የዘር ሐረግ ልጅ ነው።

ነገሩን ሁሉ በማር ለውሼ ማቅረብ አልፈልግም። በ1931 ኅብረቱ በጄኔቫ ስለ አፍሪካ ልጆች ትልቅ ጉባኤ ጠርቶ ነበር። ብዙ ሚሲዮናውያንና የቅኝ ገዢ መንግሥታት ሰዎች ተቀመጡበት፤ አፍሪካውያን ግን በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ስለ ልጆቹ ተነጋገሩ፣ ወላጆቹ ግን አልነበሩም። የዕርዳታ ድርጅቶች ይህ በሽታ ዛሬም ፈጽሞ የለቀቃቸው አይመስለኝም። እንዲሁም ፎቶግራፉ፦ የተራበ ልጅ ሥዕል ልብን ይከፍታል፤ ግን የልጁን ክብር የሚጠይቅ ዋጋም አለው። ከ1984ቱ የኮረም ምስል በኋላ "ኢትዮጵያ" ሲባል ለብዙ ፈረንጅ ምን እንደሚታየው፣ ውጭ የኖራችሁ ከእኔ ይበልጥ ታውቁታላችሁ። ሴቭ ዘ ችልድረን በዚያን ጊዜ ኮረም ላይ ልጆች ሲያበላ ነበር። ሕይወት ማዳኑም እውነት ነው፤ ምስሉ ጥሎብን የሄደው ጥላም እውነት ነው።

ግን ደግሞ ፎቶግራፍ በእኛም ግቢ ታሪክ ሠርቷል። በ1965 ዓ.ም. ሚያዝያ የዩኒቨርሲቲያችን መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው፣ ያነሡትን ፎቶግራፍ ይዘው መጥተው ግቢ ውስጥ ለዕይታ አቀረቡ። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ፊልሙን ለዓለም ያሳየው ከዚያ በኋላ፣ በኦክቶበር 1973 ነው። መንግሥት ረኃቡ እንዲታወቅ በማይሻበት ጊዜ መጀመሪያ ያሳዩት የእኛው መምህራን ነበሩ፤ ከሥዕሉም ጀርባ የውጭ ሰው ሳይሆን ጉዳዩ የገዛ ራሱ የሆነ ሰው ቆሞ ነበር። ትራፋልጋር አደባባይና ስድስት ኪሎ የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው፤ በሁለቱም ቦታ የተማረ ሰው ባለሥልጣን የሸፈነውን ልጅ ገልጦ አሳየ።

ወደ ራሳችን ልመለስ። የእኛ መዋጮ ትንሽ ናት። ከአዲስ አበባ፣ ከዋሽንግተን፣ ከፍራንክፈርት፣ ከዱባይ የምትሰበሰብ፤ ደብተር፣ የደንብ ልብስ፣ ምሳ የምትገዛ። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" እንደሚባለው እስካሁን ማንም አልከበደችውም። የከበደን ሌላ ነገር ነው። ከሰሜኑ ጦርነት ወዲህ በስብሰባም በቴሌግራም ግሩፕም "የየትኛው አካባቢ ልጅ ይቅደም?" የሚለው ጥያቄ ወዳጅ ከወዳጅ አኳረፈ። የእኔ ወገን ልጆች ሳይማሩ የእነዚያን ላስተምር ወይ የሚል ሰው በዚህ ማኅበር ውስጥ አለ። እኔ አልታዘበውም፤ ቤቱ ሐዘን ገብቶ ይሆናል። አልበርት ሆል ውስጥ ፍራፍሬ ይዞ የተቀመጠውም ሰው ቤት ሐዘን ነበረ።

ሆኖም ታሪክ ያጠናሁት ለዚህ ቀን ካልሆነ ለመቼ ነው? ከዚያች ትንሽ ማኅበር ሕይወት ሦስት ነገር ወስጄ ለጠቅላላ ጉባኤው ላቀርብ አስቤአለሁ። አንደኛ፣ ልጅ የሚመረጥበት መለኪያ ችግሩ ብቻ ይሁን፤ በማመልከቻው ላይ ብሔርም ሃይማኖትም የሚጠየቅበት ቦታ አይኑር። ትግራይ ሆነ አማራ፣ አፋር ሆነ ኦሮሚያ፣ ትምህርት ቤቱ የፈረሰበት ልጅ ትምህርት ቤቱ የፈረሰበት ልጅ ነው። ሁለተኛ፣ ሒሳቡ በየዓመቱ በዚህ መጽሐፍ ይታተም፤ ሐሜትን የሚያስታግሠው ቁጥር ነው። ሦስተኛ፣ ገንዘቡ የት እንደሚውል ሲወሰን የየአካባቢው መምህራንና ወላጆች ድምፅ ይኑራቸው፤ የልጆቹም ፎቶግራፍ ያለ እነርሱ ፈቃድ አይውጣ።

የምታውቁኝ ታውቁኛላችሁ፤ ስብሰባ ላይ ብዙ አልናገርም። በዚህ ላይ ግን እጄን አወጣለሁ። የማትስማሙም ኑና ፊት ለፊት እንከራከር፤ ድሮ በግቢው ስንከራከር ቆይተን አንድ ጠረጴዛ ላይ ሻይ እንጠጣ የለም እንዴ። ክርክሩ ግን ቢቻል ከመስከረም በፊት ይለቅ፤ የትምህርት ቤት ምዝገባ እኛን አይጠብቅም።