የዑስማን ድርሻ፦ የአስታማሚ ሐቅ በታሪክ

ዛሬ የምናነሳው ስለ አስታማሚ ነው። ወላጅን መጦር ግዴታ መሆኑን የማያውቅ ሙስሊም ቤት የለም። ያለ ደመወዝ እናቷን የምታገላብጥ፣ አባቷን የምታጥብ ልጅ ግን የራሷ ሐቅ ምን እንደሆነ የሚጠይቅላት ጥቂት ነው።

ታሪኩን ከበድር እንጀምር። በሁለተኛው ዓመተ ሂጅራ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ በድር ሲወጡ ልጃቸው ሩቀያ (ረ.ዐ) ታማ ነበር። ባለቤቷ ዑስማን ኢብኑ ዐፋን (ረ.ዐ) ቀርቶ እንዲያስታምማት አዘዙት። ሩቀያ አልዳነችም፤ የድሉ ብሥራት መዲና የደረሰው በቀብሯ ሰዓት ነው። ከዓመታት በኋላ አንድ ለሐጅ የመጣ ሰው ዑስማን በበድር አለመገኘቱን እንደ ነውር ቢያነሳ፣ ዐብደላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) ምክንያቱን አስረዳው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በበድር ከተገኘ ሰው እኩል አጅርም የምርኮ ድርሻም ለዑስማን እንደሰጡት ነገረው። ዘገባው በቡኻሪ ይገኛል።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ለአስታማሚ "አላህ ይክፈልሽ" ማለት ሁላችንም እንችላለን። ለዑስማን ግን ከአጅሩ ጋር ድርሻውም ተሰጠው። ማስታመም የሴት ሥራ ነው የምትሉ ወንድሞችም አስታማሚው ማን እንደነበር ልብ በሉልን።

ከዚያ በኋላ የመጡት ኸሊፋዎችም ጉዳዩን ለቤተሰብ ብቻ አልተዉትም። ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ቀድሞ ከበይቱል ማል ድጎማ የሚቆርጡት ጡት ለጣለ ሕፃን ብቻ ነበር። አንዲት እናት ድጎማውን ፈልጋ ልጇን ያለጊዜው ጡት ስታስጥል በሌሊት አገኟትና ድጎማው ከውልደት ጀምሮ እንዲሆን እንዳዘዙ ይተረካል። ከ86 እስከ 96 ዓመተ ሂጅራ የገዛው አል-ወሊድ ኢብኑ ዐብዱልመሊክም መራመድ ለማይችል ሰው አገልጋይ፣ ለዓይነ ስውር መሪ እንደመደበ አጥ-ጠበሪ ጽፏል።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ በ1936 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 62 ለቃዲ ፍርድ ቤቶች ጋብቻን፣ ፍቺንና ቀለብን የማየት ሥልጣን ሰጠ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ቀለብ ማለት ምግብና ልብስ ብቻ ሳይሆን መጠለያና ሕክምናም ነው፤ ወላጅና ልጅ፣ ወንድምና እህትም እርስ በርስ ግዴታ አለባቸው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንንና አካል ጉዳተኞችን እንዲረዳ ያዛል። በ1992 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 188 የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን አጠናከረ፤ ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ የቀለብ ጉዳይ እዚያ ይታያል።

በእነዚህ ሁሉ ውስጥ የተጠቀሰው የሚጦረው ሰው ነው፤ ጧሪው በስሙ አልተጠራም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ እንኳ ወላጅ ሲሞት ሦስት ቀን ከደመወዝ ጋር ይፈቅዳል፤ ወላጅ ሲታመም ለማስታመም ግን እንዲህ ያለ ፈቃድ አልደነገገም። ይህ ጉድለት የእኛ ብቻ አይደለም። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1976 ለአስታማሚዎች አበል ስትጀምር ያገቡ ሴቶችን አግልላ ነበር፤ ድሮውንም ቤት ናቸው በሚል ሐሳብ። ይህ የተሻረው በ1986 ነው።

በእኛ ቶንጎ ጉዳዩ ወደ መስጂድ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከቀብር በኋላ ነው። አንዷ ልጅ ከወላጆቿ ጋር ቀርታ፣ ትዳሯን አዘግይታ ዓመታት ታስታምማለች። ወንድሞቿ አሶሳ ወይም ሌላ አገር ናቸው። የውርስ ቀን ይመጡና ለወንድ የሁለት ሴት ድርሻ ነው ይላሉ። የውርሱ ድርሻ የአላህ ሕግ ነው፤ እኛ አንነካውም። ነገር ግን እዚያው በሱረቱ አን-ኒሳእ ውርሱ የሚከፋፈለው ከኑዛዜና ከዕዳ በኋላ መሆኑ ተደንግጓል።

ዋናው ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። ወላጅ የራሱ ንብረት ከሌለው ነፈቃው አቅም ባላቸው ልጆች ሁሉ ላይ ነው፤ በሻፊዒይ መዝሀብ አስታማሚ ካስፈለገው የእሱም ወጪ በነፈቃው ውስጥ ይገባል። ስለዚህ አሶሳ ያለው ወንድም እህቱ ስለቀረች ብቻ ከግዴታው አልወጣም፤ የእሱንም ሸክም ተሸክማለታለች። ወላጅ ንብረት ካለው ደግሞ ከንብረቱ እንዲከፈላት በሕይወቱ ሳለ መስማማት ይቻላል፤ ያልተከፈለው ዕዳ ሆኖ ከውርስ ይቀድማል። ያለ ስምምነት ያደረገችው ግን በፉቀሃዎች ዘንድ እንደ በጎ ፈቃድ ስለሚቆጠር ኋላ ብትጠይቅ አይጸናላትም። ለወራሽ የሚደረግ ኑዛዜም ሌሎቹ ወራሾች ካልፈቀዱ አይሠራም።

በዚህም ምክንያት ጉዳዩ ቀድሞ ወደ እኛ ሲመጣ ልጆቹን ከሽማግሌ ጋር እናስቀምጣለን። ማን በየወሩ ስንት ብር እንደሚልክ፣ ማን መጥቶ እህቱን እንደሚያሳርፋት፣ ለእሷ ምን እንደሚቆረጥላት በሁለት ምስክር ፊት ይጻፋል። በወንድምና በእህት መካከል ወረቀት ምን ያደርጋል ብለው የሚቀየሙ አሉ። ብድርን በምስክር መጻፍ በቁርኣን የታዘዘው ለባዕዳን ብቻ እንዳልሆነ እንነግራቸዋለን። ቀብሩ ካለፈ በኋላ ለሚመጡት ደግሞ የዑስማንን ታሪክ እናነብላቸዋለን። አንዳንዱ ወንድም ከድርሻው አንድ ላም ለእህቱ ይተዋል። አንዳንዱም ዝም ብሎ ይሰማንና ድርሻውን ቆጥሮ ይሄዳል።